የምትናደደው ጨርቅ

ጋሽ ንጋቱ ሲቀበሩ መቃብራቸው አጠገብ አልነበርኩም። ፈላና በር አካባቢ ያለ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ፍትሐቱ ሳያልቅ፣ ነጠላዬ ከትከሻዬ ወድቆ፣ እየሮጥኩ ነው ከቤተ ክርስቲያን የወጣሁት። ልጄ ሳትወለድ ጀምሮ በአንድ ግቢ የኖርን ጎረቤታሞች ነን፤ ልጄንም ሥራ ያስያዙልኝ እሳቸው ናቸው። አፈር ሳላለብሳቸው መሄዴን ብዙ ሰው አልወደደልኝም፤ አልፈርድበትም። እኔ ግን ያን ቀን ባልሮጥ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አውቃለሁ።

ሥራቸው የቤት ዕቃ ማሳመር ነበር። አናጺ አይደሉም። አናጺው የሠራውን ቡፌ፣ ቁም ሣጥን፣ ጠረጴዛ ያመጡላቸዋል፤ እሳቸው ቀለሙን ይሰጡታል። ሰፈራችን በግንብ በታጠረው ጀጎል ውስጥ ነው፤ መኪና አይገባበትም። ሁለት ሰው ከተገናኘ አንዱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነው ሌላውን የሚያሳልፈው። ስለዚህ ዕቃው ሁሉ በሰው ትከሻ መጥቶ በሰው ትከሻ ይሄዳል።

በጣም የሚታወቁበት ሥራ እኛ «ሽበት» የምንለው ነው። የዋንዛውን እንጨት በሽቦ ብሩሽ በጅማቱ አቅጣጫ ይፍቁታል። ለስላሳው እየተፋቀ ይጎደጉዳል፣ ጠንካራው ይቀራል። ከዚያ ጥቁር ቀለም ያጠጡታል። ጥቁሩ ሲደርቅ ደግሞ በተልባ ዘይት የለወሱትን ነጭ ነገር ይለቀልቁበታል። ያኔ ያየው ሰው «በቃ ተበላሸ» ይላል። እሳቸው ግን ጨርቅ አንስተው ከጅማቱ አግድም ይጠርጉታል፤ ከላይ ያለው ነጭ ይነሣና ጎድጓዳው ውስጥ የገባው ብቻ ይቀራል። ጥቁር እንጨት፣ ነጭ ጅማት። ጥቁር ፀጉር ውስጥ ሽበት ጣል ጣል እንዳለው ማለት ነው።

የዘንድሮ ሙሽሮች ስልካቸው ላይ ፎቶ እያሳዩ ይህንኑ ነው የሚፈልጉት። እናቶቻቸው ግን ስሙን አይወዱትም። አንዴ ከአቦከር የመጣች የሙሽራ እናት ወገቧን ይዛ ቆመችባቸው።

«ጋሼ፣ ሙሽራ ቤት ሽበት ይገባል እንዴ? ልጄን ገና በጧቱ ሊያስረጁብኝ ነው?»

«አይደለም የኔ እመቤት። ባሏ ሲሸብት እንዳትደነግጥ ከአሁኑ ትልመደው ብዬ ነው።»

ሴትዮዋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም። ጋሽ ንጋቱ ቀልድ ሲናገሩ ዓይናቸው ሁልጊዜ ሌላ ቦታ ነበር። ግቢያችን መሐል የወጠሩት ሽቦ ላይ።

ሽቦው የጨርቅ ነው። ነጩን የጠረጉበትን እያንዳንዱን ጨርቅ፣ ዘይት እንደጠገበ፣ አንድ በአንድ ዘርግተው እዚያ ላይ ያሰጡታል። አንዱ ሌላውን አይነካም። እንደ እንጨት ደርቆ ቀጥ ሲል ብቻ ነው የሚያወርዱት። ታዲያ ግቢው የጋራ ነው፤ የእኛም ልብስ አለ፣ እንግዳም ይመጣል። ወይዘሮ አስካለ የምትባል ጎረቤት አለችን፤ ሰፈሩ ውስጥ በንጽሕና የሚደርስባት የለም፤ ደጃፏን ሦስት ጊዜ ጠርጋ አራተኛውን የእኛን የምትጠርግ ናት። እሷ ይህን አይታ ማለፍ አልቻለችም።

«ጋሽ ንጋቱ፣ ቡትቶ አጥቦ የሚያሰጣ ሰው በእርስዎ አየሁ።»

«አላጠብኩትም አስካለ።»

«ታዲያ ሽቦ ላይ ምን ይሠራል? ግቢውን አስቀየመው እኮ። አጣጥፈው አንድ ጥግ አያስቀምጡትም?»

«ትናደዳለች።»

«ማን?»

«ጨርቋ።»

ከዚያ ወዲህ የግቢያችን ጨዋታ እሱ ሆነ። ሕፃን ሲያለቅስ «ተዪው፣ እንደ ጋሽ ንጋቱ ጨርቅ ተናዶ ነው» ይባላል። ግድግዳ የምትጋራን ፋጡማ ደግሞ በበሩ ብቅ ብላ «ወላሂ ጋሼ፣ እኔም ቤት የሚናደድ አለብኝ፤ እስቲ ባሌን ሽቦዎ ላይ ላስጣው» ትላቸዋለች። እሳቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

ሌላም የሚያስቅባቸው ነገር ነበር። አመሻሽ ላይ በጠባቡ መንገድ እየሄዱ በየሰዉ በር ላይ ቆም ብለው ያሸታሉ። ረጅም ስለሆኑ ጎንበስ ማለት አለባቸው፤ አፍንጫቸውን ወደ በሩ ስንጥቅ ያስጠጉና ትንፋሻቸውን ይስባሉ፤ ከዚያ ያልፋሉ። ልጆች «አሽታች መጣ!» እያሉ ይሸሻሉ። ስለላ ነው ያለም አለ። ምን የሠራ ሰው ነው የሰው በር የሚያሸት? እኔም ከሚስቁት ጋር እስቅ ነበር።

ሳቁ የተወኝ ልጄ ሰላማዊት እሳቸው ጋ ሥራ ከጀመረች በኋላ ነው። ከእሷ ሌላ ልጅ የለኝም። አባቷ ወታደር ነበር፤ ወደ ተመደበበት ሄዶ አልተመለሰም። ትምህርቱ አልሆንልሽ ሲላት ጋሽ ንጋቱ «እስቲ እጇን ልየው» ብለው ወሰዷት። እጇ ለካ ለዚያ ሥራ የተፈጠረ ነው። በዓመቱ ሽበቱን የሠራው ማን እንደሆነ አናጺዎቹ መለየት አቃታቸው።

አንድ ጠዋት ጋሽ ንጋቱ ጠሩኝ። «የሰላም እናት፣ ነይ እስቲ።»

ከግድግዳው ሥር፣ ጥላው ውስጥ፣ ባልዲ አስቀምጠዋል። ባልዲው ውስጥ የጠረጉባቸው ጨርቆች ተጠቅጥቀው አሉ። ገረመኝ፤ እሳቸው እንዲህ አድርገው አያውቁም።

«እጅሽን ከመሐሉ አስገቢ።»

አስገባሁ። ሞቀኝ። እንቁላል የታቀፈች ዶሮ ሆድ ሥር እጅ ሲገባ እንደሚሞቀው።

«ፀሐዩ ነው» አልኳቸው።

«ፀሐይ የታለ?»

ቀና ብዬ አየሁ። እዚያ ቦታ ፀሐይ አልደረሰም።

«የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል» አሉኝ። «ተዘርግቶ ከሆነ ሙቀቱን ንፋስ ይወስደዋል። ተጠቅልሎ ከሆነ የት ይሂድ? ይጨምራል፣ ይጨምራል። ክብሪት አይፈልግም፤ ሰው አይፈልግም። ትናደዳለች የምለው ለጨዋታ መሰለሽ? ንዴት ምንድነው? መንደድ አይደለም እንዴ?»

ጨርቆቹን አንድ በአንድ እያወጡ ማስጣት ጀመሩ። «አዳማ የወንድሜ ሥራ ቤት እንዲሁ ነው የሄደው።»

«ወንድምዎስ?»

የያዙትን ጨርቅ ዳርና ዳሩን ይዘው ዘረጉት። ሌላ አነሡ።

ቤታችን ገብቼ ተቀመጥኩ። ጀጎል ውስጥ ቤቶቹ እንደ ጥርስ የተያያዙ ናቸው። የአንዱ ጣሪያ ከሌላው ጣሪያ ጋር ነው። የእሳት አደጋ መኪና የጀጎል በር ድረስ መጥቶ ከዚያ ወዲህ ማለፍ አይችልም። ይህንን ሁሉ ድሮም አውቀዋለሁ፤ አስቤበት ግን አላውቅም ነበር።

ለአስካለም ለፋጡማም ነገርኳቸው። አስካለ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። «እርጥብ ጨርቅ በገዛ እጁ ይነዳል? አንቺንም አስጀመሩሽ!» ፋጡማ ግን «አዑዙ ቢላህ» ብላ ወደ ግድግዳው አየች።

ወደ ጋሽ ንጋቱ ሄጄ ልጄን ይተዉልኝ ብዬ ለመንኳቸው። ቆጣ አላሉም። «ልጅሽ ከእኔ የተሻለ እጅ አላት» አሉኝ። «የሌላት ፍርሃት ነው። እሱን እያስተማርኳት ነው።»

ያስተምሯትም ነበር። ጠዋት ጨርቅ ስትወስድ ይቆጥራሉ፣ ስታሰጣ ይቆጥራሉ። አንድ ቀን አንዷ ጎደለች። ሰላም «ወድቃ ይሆናል» አለች። እኔ በር ላይ ምስር እየለቀምኩ ነበር። ጋሽ ንጋቱ ሲጮኹ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ወንበሩን ገለበጡ፣ ፍቅፋቂውን በእግራቸው በተኑ፣ ሣጥን ከፈቱ። በመጨረሻ ሰላም እጇን ጋዋኗ ኪስ ውስጥ ስታስገባ ጨርቋ እዚያ ናት። ረስታው ነው። «ይኸው፣ ለዚች ነው ይሄ ሁሉ?» አለች፤ ልትስቅም ነበር። ያ ረጅም ሰውዬ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። «ኪስሽ ውስጥ?» አሉ። «ገላሽ ላይ?» ሰላም ከዚያ ወዲያ አልቀለደችም።

ደረታቸውን የታመሙት ክረምቱ ሲወጣ ነው። ሆስፒታል ተኙ። ሰላም እያደረች ታስታምማቸዋለች፤ ቀን ደግሞ የተጀመረውን ትጨርሳለች። የመጨረሻው ሥራ የአንዲት ሙሽራ ቡፌ ነበር። ያን ቀን ጎህ ሲቀድ ከሆስፒታል መጥታ፣ እንቅልፍ ባልጠገበ ዓይኗ፣ ነጩን ለቅልቃ ጠረገችው። ጨርቆቹን እንደተማረችው አሰጣች። እጇን ሳትታጠብ ስልኳ ጮኸ። ጋሽ ንጋቱ አርፈዋል።

ልጄ እዚያው ወደቀች። አንስተን የጋሽ ንጋቱ መኝታ ላይ አስተኛናት፤ መኝታቸው ከሥራ ቤቱ በስተጀርባ ያለች ጓዳ ናት፤ መውጫዋ በሥራ ቤቱ ነው። የእኔ ቤት በለቀስተኛ ሞልቷል፤ እዚያ ግን ጸጥ ያለ ነው ብለን ነው። ሳይመሽ እንዲቀበሩ ተወሰነ። ሰላም እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ወስዷታል። «ትተኛ፤ መቃብር አይታ ከሚብስባት» አሉ ሴቶቹ። እኔም እሺ አልኩ።

ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ አስካለ አጠገቤ ቆማለች። ካህናቱ እያዜሙ ነው። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ስለ ቤቱ አታስቢ። ድንኳን የሚተክሉት ሽቦውን ሲያወርዱ እኔ ሁሉንም አሰናዳሁት።»

«ምኑን?»

«ያንን ቡትቶ ነዋ። ለቀስተኛ ያየዋል ብዬ አፍሬ። አንድ በአንድ አጣጥፌ ማዳበሪያ ውስጥ ጠቀጠቅኩት፤ አፉንም አሰርኩት። ሥራ ቤቱ ውስጥ ነው፣ ጠረጴዛው ሥር።»

«ሰላምስ?»

«ተኝታለች። ማንም እንዳይረብሻት ብዬ በሩን ቆለፍኩባት። ቁልፉ ይኸው።» የነጠላዋን ጫፍ ነካ አደረገች። ቋጥራዋለች።

«ስጪኝ።»

«አሁን? ሬሳ ፊት?»

«ቁልፉን ስጪኝ አስካለ!»

ድምፄ ከዜማው በላይ ወጣ መሰለኝ፤ ሰው ሁሉ ዞረ። አስካለ ቋጠሮውን ልትፈታ ጣቶቿ እንቢ አሏት። ጫፉን ከእጇ ነጥቄ በጥርሴ ፈታሁት። «ኧረ ምን ነካሽ! ያዟት፣ ያዟት እንጂ!» ስትል ይሰማኛል። ነጠላዬ የት እንደወደቀ አላውቅም።

ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ባጃጅ አገኘሁ። «ፈላና በር» አልኩት።

«እናቴ፣ ተረጋጊ። ምን ሆነሽ ነው?»

«ልጄ ቤት ተቆልፎባታል።»

ልጁ ሌላ አልጠየቀኝም። ሸዋ በር ገበያው ሞልቶ መንገዱ ተዘግቷል፤ ጥሩንባውን እየነፋ፣ «ኢንሻአላህ፣ ኢንሻአላህ እንደርሳለን» እያለ በሰው መሐል ሸጎጠኝ። ፈላና በር ላይ ወርጄ ሮጥኩ። ያ ጠባብ መንገድ ሲረዝም ያየሁት የዚያን ቀን ነው።

ወደ ግቢያችን ስጠጋ የተቆላ ተልባ ሸተተኝ። ጣፋጭ ነው፤ ለጾም ተልባ ሲቆላ እንደሚሸተው። ፋጡማ በሯ ላይ ቆማለች። «አንቺ የሰላም እናት፣ ዛሬ በዚህ ቀን ተልባ የሚቆላው ማነው? ቆይቷል እኮ መሽተት ከጀመረ» አለችኝ። ከዚያ ፊቴን አየች። ጫማዋን ሳታደርግ ተከተለችኝ።

ቁልፉ ገብቶ አልዞር አለኝ። ፋጡማ «ቢስሚላህ» ብላ ከእጄ ተቀብላ አዞረችው። በሩ ሲከፈት ነበልባል የለም። ቡናማ ጭስ ብቻ፣ ወፍራም፣ ከወገብ በላይ ተኝቷል። ሰላም ብዬ ተጣራሁ። መልስ የለም። ማዳበሪያው ጠረጴዛው ሥር፣ ከቀለም ማቅጠኛው ከቲነሩ ጣሳ አጠገብ፣ በንጽሕና ታስሮ ተቀምጧል። መሐሉ ጠቁሮ ቀልጧል። እኔ ወደ ጓዳው ገባሁ፤ ፋጡማ የማዳበሪያውን አፍ ይዛ ወደ ውጭ ጎተተችው። ደጁን እንዳለፈ ተተረተረና ንፋስ አገኘ። ነበልባሉ የሰው ቁመት ያህል ተነሣ። እዚያ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ብዬ እንዳልጨርሰው።

ልጄን በብብቷ ይዤ ጎተትኳት። ክብደቷ የሞተ ሰው ክብደት ነበር። ግቢው መሐል አስተኝቻት በጥፊ መታኋት። ደገምኩ። ፋጡማ ውኃ ደፋችባት። ሳለች። ጥቁር ነገር ተፋች፣ ደግማ ሳለች፣ ዓይኗን ገለጠች። እኔ ያኔ ነው የጮኽኩት። ሰፈሩ ለጋሽ ንጋቱ ያለቀስኩ መስሎት ይሆናል።

ቀብረው ሲመለሱ እጃቸውን ሊታጠቡ ግቢ የገቡት ሁሉ የተቃጠለውን መሬት ከበው ቆሙ። አስካለ ግድግዳውን ይዛ «በሩን የቆለፍኩት ብርድ እንዳያገኛት ብዬም ነው እኮ፤ ጨርቁ ደግሞ እርጥብ ስለሆነ አይነድም ብዬ» አለች። የወቀሳት ሰው የለም። እኔም አልወቀስኳትም። የነጠላዋን ጫፍ ታጥፈዋለች፣ ትዘረጋዋለች፣ መልሳ ታጥፈዋለች።

ከአርባው በኋላ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ቤቱ ለዚህ ሥራ እንዳይውል ተነጋገሩ። ጋሽ ንጋቱ በነበሩ ጊዜ ምንም እንዳልሆነ፣ ጨርቁን ያጠፈው ሌላ ሰው እንደሆነ ሰላም አስረዳቻቸው። ድምጿ ከጭሱ ወዲህ ሻካራ ሆኗል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ እናቷ ነሽ። ምን ትያለሽ?»

«ይዘጋ» አልኩ። ጥያቄውን እንኳን አላስጨረስኳቸውም።

ሰላም ቀና ብላ አየችኝ። ቡፌውን ጨርሳ ለሙሽራዋ አስረከበች፣ ብሩሾቹን ጠቅልላ አስቀመጠች። ብዙም ሳትቆይ ከድሬዳዋ ደወሉላት። ትልቅ የዕቃ ሥራ ቤት ነው አሉ፤ ሽበት የሚያውቅ ሰው አጥተው። እዚህ ብትሆን በየማታው በሯ ላይ ቆሜ ማሽተት እችል ነበር። ድሬዳዋ ማን ያሸትልኛል? አትሂጂ ብዬ እግሯ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። «እማ፣ እዚህ እኮ ራስሽ ነሽ የዘጋሽው» አለችኝ፤ በክፋት አይደለም።

መኝታ እዚያው ከሥራ ቤቱ በላይ ሰጥተዋታል። ከሥራ ስትወጣ እደውላለሁ። ትናንትም ደወልኩ።

«በላሽ?»

«በላሁ እማ።»

«ጨርቁንስ የት አሰጣሽው?»

«እዚህ እኔ አላሰጣም። የእኔ ሥራ መቀባትና መጥረግ ብቻ ነው። ጨርቁን የሚሰበስብ ሌላ ሰው አለ።»

«ሰብስቦ የት ያደርገዋል?»

«እንጃ። ይዞት ወደ ጓሮ ይሄዳል።»

«ነግረሽዋል?»

«ነገርኩት። ሳቀ።»

«ለአለቃውስ?»

«ለእሱም ነገርኩት። እሺ አለኝ።»

«ማነው ስሙ፣ የሚሰበስበው? ስልኩን ስጪኝ፣ እኔ ልንገረው።»

«ስሙን አላውቀውም እማ» አለችኝ። «በየጊዜው ይቀያየራሉ።»